ወርቅቱ እልል ያላለችበት ቀን

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። በኋላ ሸዋገነት ክፉ ናት እንዳትሉኝ አስቀድሜ ልናገረው። አምቦ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ከፍቶ ያንን የደርግ ዘመን ያሳለፈ ሰው ሁሉ እንደኔ ነው። ሻይ አዝዞ ሳይጠጣው የሚያቀዘቅዝ ሰው ሳይ ጆሮ ጠቢ ነው እላለሁ። ገና ሳያውቀኝ «ኑሮ እንዴት ነው» የሚለኝንም ማን ልኮት ይሆን እላለሁ። ባሌንም በሕይወት ሳለ እጠረጥረው ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና እሱስ እውነትም ነገር ነበረው። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ሳልመረምር የማምናት አንዲት ሴት ብትኖር ጎረቤቴ ወርቅቱ ነበረች። እሷንም አንድ ሰሞን ጠረጠርኳት፤ የማወጋችሁም ያንኑ ነው።

ወርቅቱ የፍል ውሃው ሠራተኛ ነበረች። ገላቸውን ለሚታጠቡት ሳሙናና ፎጣ ታቀብላለች፣ ሲወጡ መታጠቢያ ክፍሉን ትወለውላለች። ባሏ ኦቦ ረጋሳ በልጅነቷ ሞቶባት አንድ ልጇን ነጋሳን ብቻዋን አሳደገች። ቀጠን ረዘም ያለች፣ ቃል የሚቆጠብ ከሆነ ቆጥባ የምትናገር ሴት ናት። ከተማው የሚያውቃት ግን በፎጣው አይደለም፤ በእልልታዋ ነው። ጎረቤት ሴት ስታምጥ ገብታ ትቀመጣለች፤ ሕፃኑ ደህና መወለዱን በዓይኗ አይታ ስታበቃ በሩ ላይ ትቆምና ትለቀዋለች። ለወንድ የሚባለው ልክ አለው፣ ለሴት የሚባለውም ልክ አለው። የሰፈሩ ሰው በየደጁ ሥራውን አቁሞ ይቆጥርና ምን እንደተወለደ ያውቃል። ሄዶ የሚጠይቅ የለም፤ ወርቅቱ ብላለች ከተባለ በቃ ነው።

እሷ ሳትጀምር ቀድሞ እልል የሚል ሰው ደግሞ የለም። ይህንን ልማድ ያመጣችው ሽታዬ ናት። ሽታዬ ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ልቧ ንጹሕ ነው፣ ምላሷ ግን ይቀድማታል። አንድ ጊዜ ከምጥ ቤት የሕፃን ድምፅ የሰማች መስሏት ከደጅ ሆና አቀለጠችው፤ እኛም ተከተልናት። የሰማችው ድመት ነበር። ሕፃኑ ሞቶ ነው የተወለደው፣ እናቲቱም ያንን የእኛን እልልታ አልጋዋ ላይ ተኝታ ሰማችው። ሽታዬ ለብዙ ጊዜ ከቤቷ መውጣት አፍራ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኛ የሰፈሩ ሴቶች ምላሳችን ቢበላንም እንኳ የወርቅቱን አፍ ሳናይ አንጀምርም። በሠርግም እንደዚያው ነው። ሙሽራው ከጠጣ ወይ ሙሽሪት ስታለቅስ ካየች ወርቅቱ አፏን ገጥማ ትቀመጣለች፤ የሠርጉ ቤትም አብሮ ዝም ይላል።

እንግዲህ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር፣ አምቦ ታይቶ የማይታወቅ ትልቅ ሙዚቃዊ ተውኔት ሊታይ ነው ተባለ። ክረምቱን በሙሉ ሲዘጋጅ ከረመ። አዘጋጁ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በሐምሌ ጭቃ ነጭ ጫማ የሚያደርግ፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ የሚጠመጥም ሰው ነበር። ቀይ የከፋይ መጋረጃ መጣ፣ ጄኔሬተር መጣ፣ ጢስ የሚተፋ መሣሪያ መጣ። ገበሬ ሆነው ለሚጫወቱት ልጆች የሐር ሸሚዝ ተሰፋ። አናጢዎች አዳራሹ ጓሮ ትራክተር ከእንጨት ሲሠሩ ከረሙ። መዋጮው ከየቤታችን ወጣ፤ አልሰጥም የሚል ደፋር የለም። ከወሎ መልስ ሻይ ቤቴ የሚገቡት ሾፌሮች መንገድ ዳር ስላዩት ረሃብ አንገታቸውን ደፍተው ሲያወሩ እሰማ ነበር። እኔ ለትራክተሩ አዋጥቼ የሾፌሮቹን ወሬ ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ ግን ምን ቆርጦኝ እተነፍሳለሁ።

ዋናውን ዘፈን የሚዘፍነው የወርቅቱ ልጅ ነጋሳ ነበር። ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና አልደረሰም። ድምፁ ከእናቱ ነው የመጣው፤ ሲዘፍን ሰው መንገድ ላይ ይቆምለታል። ተውኔቱ ከተወደደ ቡድኑ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ በሬዲዮ ትቀረጻላችሁ ብለዋቸዋል። ልጁ እግሩ መሬት አልነካ አለ። ጥርሱን ሲፍቅ እንኳ ይዘፍናል። ወርቅቱ ምንም አትልም፤ ግን የግድግዳችን ጭቃ ስስ ነውና እሱ ሲለማመድ የእሷ መጥረጊያ ጸጥ እንደሚል እሰማ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እናንተ ግን ዛሬውኑ እወቁት፤ አለዚያ አዳራሹ ውስጥ የሆነው ነገር አይገባችሁም። ተውኔቱ ሊታይ ሲል ከላይ የመጣው ዋናው እንግዳ ፍል ውሃ ሊታጠብ ገባ። የመታጠቢያዎቹ ግድግዳ ጣሪያ ድረስ አይደርስም፤ እዚህ የሚወራው እዚያ ይሰማል። እንግዳው ከጎኑ ካለው ክፍል ከሚታጠብ ባልደረባው ጋር በግድግዳው ላይ ይጯጯሃል። ወርቅቱ ፎጣ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ፎጣ የያዘችን ሴት ደግሞ ሰው ብሎ የሚቆጥራት የለም።

«ጭብጨባ አያታልለኝም» አለ እንግዳው። «ጭብጨባ በትእዛዝ ነው። እኔ የማደምጠው ሴቶቹን ነው። ሴቶቹ ሳይታዘዙ እልል ካሉ ነገሩ ሠርቷል ማለት ነው። በዚያው ልጆቹን ጭነን ወደ ሰሜን፣ ምሽግ ድረስ። ወታደሩ ሆድ ብሶታል። እነዚህ ካልሆኑልን የሌላውን አውራጃ ቡድን እናያለን።»

ባልደረባው ልጆቹ ትንንሾች እንደሆኑ ቢያነሳበት፣ ለኪነት ዕድሜ አይጠየቅም ብሎ ሳቀ። ወርቅቱ ፎጣውን ደረቷ ላይ አቅፋ ደርቃ ቀረች። እንግዳው ፎጣ እያለ ሲጣራ ነው የነቃችው።

ለማን ትንገር? ለነጋሳ ብትነግረው ለጓደኞቹ ያወራል፤ ወሬው ከየት ወጣ ይባልና እናትም ልጅም ይታሰራሉ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ልጁ ደሙ ትኩስ ነው፤ እሄዳለሁ ቢልስ? ለእኔም አልነገረችኝም። እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል። ግን እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ እኔም ብሆን እንዲህ ያለ ነገር ለሻይ ቤት ባለቤት አልነግርም።

ቀኑ ደረሰ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከጉደርም ከጊንጪም ከደንዲም ገበሬው በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ፤ አዳራሹ ሰው በሰው ላይ ሆነ። የቀበሌያችን የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ኤጄታ ከመድረኩ ጥግ ነጭ መሐረብ ይዞ ቆሟል። መሐረቡን ሲያነሣ እናጨበጭባለን፣ ሲያወርድ እናቆማለን። ያላጨበጨበ ይታያል። ስለዚህ ሁሉም ሰው መድረኩን ትቶ የጎረቤቱን እጅ ነው የሚያየው። እኔም አያለሁ፤ መምህር ቱፋ በሁለት ጣቱ እንደሚያጨበጭብ አየሁ፤ እሱም እንዳየሁት አየኝ። ወርቅቱ ከጎኔ ናት። አዲስ ነጠላ ለብሳለች። ፊቷ ግን የታመመ ሰው ፊት ነበር።

ተውኔቱ ጀመረ። ወይ ጉድ። መጋረጃው ግማሽ ድረስ ተከፍቶ እምቢ አለ፤ አንድ ሰው በመጥረጊያ እንጨት ገፋው። ጢስ የሚተፋው መሣሪያ ጢሱን ወደ ሰው ላይ ለቀቀውና የፊተኛው ረድፍ ከነእንግዳው ሳል በሳል ሆነ። እኛ ከኋላ ያለነው መሳል ይፈቀድ አይፈቀድ ሳናውቅ ትንፋሻችንን ዋጥን። ከዚያ ሆዱ ላይ ጥጥ የጠቀጠቀ ባላባት መጥቶ ረጅም መዝሙር ዘመረ። ባላባት ስለ ራሱ ክፋት ለምን እንደሚዘምር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቀጥለው ሐር የለበሱት ልጆች እየጨፈሩ እህል ወቁ። ከኋላችን የተቀመጠ አንድ የደንዲ ገበሬ እነዚህ የሚያብለጨልጩት እነማን ናቸው ብሎ በኦሮምኛ ጓደኛውን ጠየቀ። ጓደኛው ትንሽ አሰበና፣ እኛ ሳንሆን አንቀርም አለው።

መዝሙሩ አያልቅም። አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንደዚያው ነው። በየመዝሙሩ መጨረሻ መሐረቡ ይነሣል፣ ጭብጨባው ዷ ይላል፣ መሐረቡ ሲወርድ ጭጭ። እንግዳው እያጨበጨበ አልነበረም። ፊቱን ከመድረኩ መልሶ እኛን ሴቶቹን እያየ ነበር። ይኼ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው የሚያየን አልኩ። ሴቶቹም ደግሞ አንዴ መድረኩን፣ አንዴ ወርቅቱን ያያሉ። ይኼ ሁሉ ወጪ ወጥቶበት፣ ይኼ ሁሉ እንግዳ መጥቶበት፣ ሳንል መቅረታችን አደጋ እንዳለው ሁላችንም ገብቶናል። ግን ወርቅቱ አላለችም። ወርቅቱ ካላለች ደግሞ የሆነ ነገር አላት።

ከዚያ ነጋሳ ወጣ። ያ ሁሉ ጢስና ሐር ቀረና ብቻውን ቆመ። ዘፈኑ በማለዳ ወደ እናቱ ደጅ ስለሚመለስ ልጅ ነው። ሰዎች፣ እኔ ለማንም የማልንበረከክ ሴት ጸጉሬ ቆመ። ሲያንቆረቁረው፣ ከፍ ሲያደርገው፣ የደንዲው ገበሬ ከኋላዬ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት። በተውኔቱ ውስጥ እውነት የሆነው ያ ብቻ ነበር። ሴቶቹ በሙሉ ምላሳቸውን አዘጋጅተው ወደ ወርቅቱ ዞሩ። አሁንስ ትላለች፤ ልጇ እኮ ነው። እኔም ዞርኩ። ወርቅቱ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነክሳዋለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

ያኔ ነው የጠረጠርኳት። በልጇ ቀንታ ይሆን? እናት በልጇ ትቀናለች እንዴ? ወይስ የሆነ ድርጅት አስገብቷት አዳራሹን ዝም አሰኚ ብሏታል? ሰሞኑን ስትፈራ ስትቸር፣ ስጠራት ሳትሰማኝ ነበር የከረመችው። ሁሉንም ገጣጥሜ ይቺ ሴት ነገር አላት አልኩ። ነገርስ ነበራት፤ እኔ ግን የገጣጠምኩት ሌላ ነው።

ሽታዬ አላስቻላትም። «እል» ብላ ጀመረች። ማንም አልተከተላትም። ወርቅቱን አየች፣ የዚያ የሞተው ሕፃን ነገር ትዝ ብሏት መሰለኝ በእጇ አፏን ከደነች። ነጋሳ ዘፈኑን ጨርሶ ቆሟል። ልጁ ሌላ ሰው አላየም፤ እናቱን ብቻ ነው ያየው። ጠበቀ። መሐረቡ ተነሣ፣ አጨበጨብን፣ መሐረቡ ወረደ። ልጁ አሁንም እንደቆመ ነው። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ለማንም እናት አልመኝም።

ትራክተሩ ከዚያ በኋላ መጣ። መሃል መድረክ ሲደርስ የፊት ጎማው ወለቀና እየተንከባለለ እንግዳው እግር ሥር ሄዶ ወደቀ። የሳቀ የለም። እንግዳው ጎማውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ተነሥቶ ወጣ።

በማግስቱ ምርመራው ተጀመረ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ዝምታውን ማን አደራጀው? መምህር ቱፋ በሁለት ጣቱ ማጨብጨቡ ተነግሮበት ታሰረና ጣቱን ቆስሎ እንደነበር አስረድቶ ተፈታ። ማን እንደነገረበት አላወቀም፤ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ሳስብ እኔን እንደሚጠረጥረኝ ገባኝና ሻይ ቤቴ መምጣት ሲያቆም አልገረመኝም። እኔ አልነገርኩበትም፤ ግን ሄጄ አልነገርኩብህም ብለው የባሰ ይጠረጥረኛል። ከተማው ሁሉ እንደዚህ ሆነ። ሰው ሁሉ በምስጢር የተመከረ ነገር አለ ብሎ አመነ። ለእኔ ሳይነግሩኝ ለምን ቀሩ ብሎ የተቀየመም ነበር።

ኤጄታ ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠራ። እኔን ለምን እልል አላልሽም ሲለኝ ጥርሴን አሞኝ ነው አልኩት። ሽታዬ ጉንፋን አለች። ሌላዋ ሐዘን ላይ ነኝ አለች፤ ማን እንደሞተባት ግን አልተናገረችም። ወርቅቱን እየጠበቅን ነበር ያለች አንዲት ሴት የለችም። ማንም ማንንም አላማከረም። እኔ ራሴ እየጠረጠርኳት እንኳ ስሟን አሳልፌ አልሰጠሁም፤ ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

በመጨረሻ ወርቅቱ ተጠራች። አንቺ እልልታሽ የታወቀ ነው፣ የልጅሽ ተውኔት ነው፣ ምን ዘጋሽ አላት ኤጄታ። እኛ ተጠይቀን ወጥተን ከደጅ የተቀመጥነው ሁላችንም መልሷን ሰማን።

«ጥሩው ቦታ ይመጣል ብዬ እየጠበቅሁ ነበር» አለችው። «ሳይመጣ አለቀ።»

ኤጄታ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይኼን ጽፎ ወደ ላይ ቢልክ፣ አንተስ ምን አሰብክ እንደሚሉት ያውቃል። እሱም አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ ያንን ሁሉ መዝሙር መሐረብ እያነሣ ጨርሶታል። ሂጂ አላት። ነገሩ በአዘጋጁ ላይ ወደቀና ሰውዬው ነጭ ጫማውን ይዞ ተመለሰ። መጋረጃው ግምጃ ቤት ገባ፣ ቡድኑም ተበተነ። እንግዳው ወደ ሌላው አውራጃ ሄደ አሉ። እዚያ ሴቶቹ ጣሪያው እስኪነሣ እልል አሉለት።

ቡድኑ በተበተነ ዕለት ነጋሳ ቤት የገባው ጨላልሞ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ ነው፤ የሰማውም ሰው ብዙ ነው። እኔ በግድግዳው ሰማሁት።

«ለሰው ጥጃ እልል ትያለሽ፣ አዮ» አላት እናቱን። «ላማቸው ወለደች ብለሽ ደጃቸው ድረስ ሄደሽ እልል ብለሻል። ለእኔ አፍሽ ተዘጋ?»

እኔ አንጀቴ አርሮ፣ አንቺ ሴት አንድ ነገር በይው እላለሁ በሆዴ። አላለችም። ልጁ ልብሱን ጠቅልሎ አጎቱ ዘንድ ጉደር ሄደ፣ ትምህርቱን እዚያ ቀጠለ። ለበዓል ሲመጣ እንግዳ ይመስል ጫፍ ላይ ይቀመጣል። መዝፈን የሚባል ነገር ቀረ። ጥርሱን ሲፍቅም ዝም ነው። እኔም ከወርቅቱ ጋር ነገር ቀዘቀዘብኝ። ፊት ለፊት ጠይቄያታለሁ፤ አልመጣልኝም አለችኝ። ወርቅቱ ከዚያ በፊት ዋሽታኝ አታውቅም፤ መዋሸቷን ደግሞ ፊቷ ላይ አየሁ። እሳት መጫጫሩን ተውን፤ ሰላምታችን ከበር እስከ በር ሆነ።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል አንድ የማውቀው ሾፌር ከሰሜን መጥቶ ሻይ ቤት ገባ። ሻዩን ሳይነካው አቀዘቀዘው። እሱን ጆሮ ጠቢ ልለው አልችልም፣ አውቀዋለሁ። ሰዎቹ ሲወጡ ጠብቆ ነገረኝ። የዚያ የሌላው አውራጃ የኪነት ልጆች የተጫኑበት መኪና ፈንጂ ላይ ወጥቷል። ወደ ግንባር መግቢያው ላይ ነው። ከተጫኑት ልጆች የተመለሱት ጥቂት ናቸው፤ እናቶቻቸውም አልቅሱ አልተባሉም። እሱ ኋላ ካለው መኪና ሆኖ ነው ያየው።

ሻይ ቤቱን ዘግቼ ወደ ወርቅቱ ሄድኩ። ለምን ወደሷ እንደሄድኩ አላውቅም፤ እግሬ ወሰደኝ። ነጋሳ ለበዓል መጥቶ ጓሮ እንጨት ይፈልጣል። ወርቅቱ ሽንኩርት ትልጣለች። ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እዚያስ ማን እልል አለ?» አለችኝ።

ጥያቄው አልገባኝም ነበር። ከዚያ ነገረችኝ። የፍል ውሃውን ኮሪደር፣ ፎጣውን፣ ሰውየው ያለውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ነገረችኝ። እኔ ብዬ ቢሆን የእኔ ይሄድ ነበር፣ ባልል የሰው ሄደ አለች። እዚያ እልል ያለችው ሴት ደስ ብሏት ነው፣ እንደኔ ቆማ የሰማች ሰው የላቸውማ አለች። መጥረቢያው ጸጥ ማለቱን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ነጋሳ በሩ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

ያለቅሳል ብዬ ነበር። ወይ ይቆጣል። ልጁ ግን ሌላ ነገር ጠየቀ።

«ታዲያ» አለ፣ «ዘፈኑ ጥሩ ነበር?»

ወርቅቱ ተነሣችና ሣጥኗን ከፈተች። ያን አዲስ ነጠላ አወጣች። ጫፉ በጥርስ ተበልቶ ተቀዳዷል፤ ጥለቱ ላይ የደረቀ ደም አለ። አልሰፋችውም፣ አላጠበችውም። ለልጇ ሰጠችው።

«ኢልማ ኮ» አለችው፣ «ልጄ፣ ምላሴን ነክሼ ነው የያዝኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የሚባልለት ነገር ሰምቼ አላውቅም።»

ነጋሳ ነጠላውን ይዞ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ወጣሁ፤ እዚያ ቤት ውስጥ የሚጠረጠር ነገር አልቀረልኝም።

ከዚያ ወዲህ ወርቅቱ እልል ማለት ተወች። ለምጥ ስትጠራ ትሄዳለች፣ ውሃ ታሞቃለች፣ ወገብ ትይዛለች፤ ልጁ ሲወለድ ግን ፊቷን አዙራ በጓሮ ትወጣለች። ሰፈሩ ግራ ገባው። ሽታዬ ደፍራ ለመተካት ሞከረች፤ ሰው ግን ሄዶ ሳይጠይቅ አያምናትም። ከፊሉ ወርቅቱ ጴንጤ ሆናለች አለ፣ ከፊሉ ጉሮሮዋን ታማለች አለ። ከነጋሳ ሌላ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ ሻይ ቤቴ ውስጥ ያ ወሬ አልወጣም። ነጋሳ ዕድሜው ሲደርስ የጤና ረዳትነት ኮርስ ገብቶ ስለነበር ምልመላው አለፈው። ጉደር ተመደበ፣ ደራርቱ የምትባል ልጅ አገባ።

ሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ደረሰ። ያ መንግሥት ወደቀ፣ ወታደሩ በአምቦ መንገድ መሣሪያውን እየጣለ አለፈ። ማን ማን እንደሆነ ሳንለይ፣ ማን መጣ ማን ሄደ እያልን በር ዘግተን በነበርንበት በዚያ ሰሞን ነው ልትወልድ አማቷ ወርቅቱ ዘንድ የመጣችውን ደራርቱን ምጥ የያዛት። ነጋሳ የቆሰሉትን ሲያክም ጉደር ቀርቷል፤ መኪና የለም። ሴቶቹ እንደ ልማዳችን ወርቅቱ ደጅ ተሰበሰብን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ከውስጥ ምንም አይሰማም።

ጠበቅን። እልልታውን ለሌላ ሰው ልጅ ትታዋለች፣ መተዋንም ለምደነዋል። ለራሷ የልጅ ልጅ ግን ትተወዋለች ብሎ ያሰበ የለም። በሩ ተከፈተ፣ አዋላጇ እጇን ልትታጠብ ወጥታ ተመልሳ ገባች፤ እልልታ የለም። ሴቶቹ ተያዩ። ሽታዬ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አናቷ ላይ ሳበች። ሌላዋም ሳበች። የሕፃኑን ነገር ማንም በአፉ አልተናገረም፤ ሁሉም ግን ያንኑ አሰበ።

ነጋሳ በዚህ መሃል ደረሰ። ከጉደር በእግሩ ነው የመጣው፤ ጭቃው ጉልበቱ ላይ ደርሷል። ከአጥሩ ገባና የሴቶቹን ፊት አየ። ነጠላቸውን አየ። አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቀም፤ ባለበት ተደፋ።

ወርቅቱ በሩ ላይ የወጣችው ያኔ ነው። እጇ ገና እርጥብ ነው። ልጇን ጭቃ ላይ ተንበርክኮ አየች፣ እኛንም አየች። ዝምታዋ ምን ብሎ እንደነገረን ገባት። ይቺ ሴት በእልልታዋ ዋሽታ አታውቅማ፤ ዝምታዋ ግን በዚያች ሰዓት እየዋሸባት ነበር።

አፏን ከፈተች። ያ ድምፅ ከስድስት ዓመት በላይ ታፍኖ ኖሮ መጀመሪያ ሻክሮ ነው የወጣው፤ ቀጥሎ ጠራ። ነጋሳ ቀና አለ። እኛ መቁጠር ጀመርን። የሴት ልጅ ልክ ላይ ደረሰች፤ ሴት ናት ብለን ልንተቃቀፍ ስንል አላቆመችም። የወንዱን ልክ አለፈችው። አሁንም አላቆመችም። ዓይኗ እኛ ላይ አይደለም፣ ልጇም ላይ አይደለም፤ በአጥሩ አናት ላይ ወደ መንገዱ ነበር። ድምጿ ተሰነጠቀ፣ እንባዋ አፏ ውስጥ ገባ፣ ቀጠለች። ነጋሳ ተነሥቶ ቆቡን አወለቀ። ለማን እንደሆነ ገብቶታል። ለእኔም ገባኝ፤ ከሰሜን ላልተመለሱት ልጆች ነው።

ሽታዬ ክንዴን ያዘችኝ። «ሸዋዬ፣ ምን ተወለደ? መንታ ነው?» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ ተከተያት» አልኳት። «እነዚያም እናት አላቸው።»

ሽታዬ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እነማን ብላ አልጠየቀችም። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና ተከተለቻት።